ድምፅን ሳይጎዱ መዘመር፤ በኳየርም በሶሎም

የኳየር ዘማሪ ድምፁ የሚሻክረው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ኖታ ስላወጣ አይደለም። ድራሙና ኪቦርዱ ሲያይሉ የራሱን ድምፅ መስማት ያቅተውና ሳይታወቀው እየጮኸ ስለሚሄድ ነው። ሶሎ የሚይዘው ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚጎዳው ለእሱ ባልተመረጠ ኪ (መዝሙሩ በሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ) ላይ ድምፁን ሲገፋ ነው። ጉዳቱ የሚገባበት በር ቢለያይም ጉሮሮው ያው አንድ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አብዛኛው ነገር ለሁለቱም ይሠራል፤ የሚለያዩበት ቦታ ሲመጣ ለየብቻ ተጽፏል።

ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነው

የድምፅ አውታሮች ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25፣ በአዋቂ ሴት ከ12 እስከ 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ እየተጋጩ ይርገበገባሉ። መሣሪያ የሚቃኝበት፣ ላ የሚባለው ኖታ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። አንዲት ዘማሪ ያንን ኖታ 10 ሴኮንድ ስትይዝ አውታሮቿ 4,400 ጊዜ ይነካካሉ። ንክኪው ለስላሳ ሲሆን ጤነኛ አውታር ይህን ያለ ችግር ይችለዋል። ጉዳት የሚጀምረው አየሩ ከታች በኃይል እየተገፋ አውታሮቹ ደግሞ አጥብቀው ሲዘጉበት ነው። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም ግጭቱ በሚበረታበት ቦታ፣ ከፊት በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ትናንሽ ጠጣር እብጠቶች ትይዩ ሆነው ይወጣሉ። ያኔ አውታሮቹ ገጥመው መዘጋት ስለማይችሉ ድምፁ አየር ይቀላቅላል።

በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው ጩኸት አይደለም፤ ከፍ ያለ ኖታ ላይ በቀስታ የሚወጣው ድምፅ ነው። ብዙ ዘማሪዎች ጮክ ብለው ሲዘምሩ ድምፃቸው ስለሚወጣ ደህና ነን ይላሉ። እውነቱን የሚናገረው ግን ቀስ ያለው ድምፅ ነው። በየማለዳው የምታውቁትን አጭር ዜማ ከፍ ባለ ኪ፣ የተኛ ሕፃን በማያስነሳ ድምፅ አዚሙት። ትናንት ይወጣ የነበረ ኖታ ዛሬ ከተቆራረጠ ወይም ትንፋሽ ብቻ ከሆነ አውታሮቹ አብጠዋል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ልምምድ ይቀነስ።

አቋምና ትንፋሽ

እግር በዳሌ ስፋት ይከፈት፤ ጉልበት አይገተር። ግጥሙ የሚታይበት ስክሪን ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወይም የማይኩ ማቆሚያ ከአፍ በላይ ከሆነ አገጭ ይነሳል፣ ማንቁርትም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ማይኩን ከአገጭ ትይዩ አድርጉት፤ ደብተር የምትይዙ ከሆነ ደረት ላይ ይሁን። ማኅሌት ላይ ለሰዓታት የሚቆም ሰው መቋሚያው ከቁመቱ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ትከሻን ወደ ጆሮ የሚያነሳ መቋሚያ አንገትን ያስጨንቃል፣ የተጨነቀ አንገት ደግሞ ድምፁን ያንቃል።

ለትንፋሽ በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ሆዳችሁ ላይ መጽሐፍ አስቀምጡ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ። መጽሐፉ ይነሳል፣ ትከሻ አይነሳም። ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ እስከ 12 ቁጥር ድረስ አውጡት። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ጠንክሮ መጨረሻ ላይ የሚሞት ከሆነ አየሩን ቶሎ ጨርሳችሁታል ማለት ነው። በየሳምንቱ ወደ 16፣ ከዚያ ወደ 20 አሳድጉት። ተነስታችሁ ስትሠሩት እጃችሁን ከታችኛው የጎን አጥንት ላይ አሳርፉ። አጥንቱ በመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች እንደተከፈተ ይቆይ፣ ሆድ ብቻ ቀስ እያለ ይግባ።

ትንፋሽን በተመለከተ በጣም የተለመደው ስህተት አየር ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ሳንባ ጢም ብሎ ሲሞላ በራሱ ተመልሶ መጨበጥ ስለሚፈልግ አየሩን በኃይል ይገፋል፤ ጉሮሮ ያንን ለመያዝ ይጠብቃል። ለአጭር ሐረግ አጭር ትንፋሽ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለአገልግሎት የመጣ ዘማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው ጤናው ወይም ችሎታው ጎድሎ አይደለም። የትንፋሽ ቦታዎችን አብዝቶ ግጥሙ ላይ ምልክት ያድርግ እንጂ አየር ለማብዛት አይታገል።

ኳየር ውስጥ ረጅም ሐረግ የሚዘለቀው ተራ በተራ በመተንፈስ ነው። ጎረቤታችሁ የሚተነፍስበት ቦታ ላይ አትተንፍሱ። አናባቢው መሐል ላይ ድምፁን አሳንሳችሁ ውጡ፣ ተንፍሱ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ሳትጀምሩ በዚያው አናባቢ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። በተነባቢ የተመለሰ ሰው ሁሌም ይሰማል።

ማሟሟቂያ፣ 12 ደቂቃ

ሙሉ ድምፅ አውጥቶ በመዝሙር ማሟሟቅ ማሟሟቅ አይደለም፤ ሥራውን ራሱን ሳይዘጋጁ መጀመር ነው። ለመነሻ አንገትንና ትከሻን አላሉ፣ መንጋጋችሁን በእጅ እሹት። ቀጥሎ ከንፈራችሁን «ብርርር» እያላችሁ እያንቀጠቀጣችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ለ2 ደቂቃ ተንሸራተቱ። ከንፈሩ የሚቆም ከሆነ ጉንጫችሁን በሁለት ጣት በትንሹ ወደ ላይ ደግፉት።

ከዚያ ስትሮ። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ስትሮውን ከውኃው ወለል በታች 2 ሴንቲሜትር ብቻ አስገቡና «ኡ» እያላችሁ አረፋ አውጡ። አየሩ በአፍንጫ ወይም በከንፈር ጎን አይውጣ። አረፋው ሳይቋረጥ እየወጣ ዜማ አንሸራቱበት፤ 3 ደቂቃ ይበቃል። አፍ ፊት ለፊት ጠበብ ሲል የተወሰነ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ አውታሮቹን ከላይ ይደግፋቸዋል፤ ስለዚህ በትንሽ ኃይልና በትንሽ ግጭት ይርገበገባሉ። የድምፅ ሐኪሞችም ለተጎዳ ድምፅ ይህንኑ ይሰጣሉ። አረፋው ድንገት ከበዛ ገፍታችኋል ማለት ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር የለም።

በመጨረሻ ቅኝት። የእኛ ዘማሪ ጆሮው ያደገው በአምስት ድምፅ ነውና በሰባት ድምፅ ስኬል ማሟሟቅ ግዴታ አይደለም። በትዝታ ሜጀር ከላይ ወደ ታች፣ ላ ሶል ሚ ሬ ዶ፣ መጀመሪያ በ«ሙ» ቀጥሎ በ«ማ» ውረዱ። የመጨረሻው ዶ ለሴቶች የኪቦርዱ መካከለኛ ዶ፣ ለወንዶች ከእሱ አንድ ኦክታቭ በታች ያለው ቀጣዩ ዶ ይሁን፤ ከዚያ ተነሱና በየዙሩ ግማሽ ቶን (ኪቦርዱ ላይ ቀጣዩ ቁልፍ) እያሳደጋችሁ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ሂዱ። ከላይ ወደ ታች የሆነው ቀላሉ የራስ ድምፅ (ከፍ ባሉ ኖታዎች ጭንቅላት ውስጥ የሚሰማው) ወደ ታች ወርዶ ከደረት ድምፅ (ዝቅ ባሉት ደረት ውስጥ ከሚሰማው) ጋር እንዲዋሐድ ነው። ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ከባዱን የደረት ድምፅ ተሸክሞ ይወጣና መሐል ላይ ይሰበርበታል።

ከአገልግሎት በኋላም ይኸው የከንፈርና የስትሮ ሥራ ለ3 ደቂቃ ወደ ታች እየተንሸራተተ ይደገም። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ መዝለል ግን የለበትም፣ በተለይ ጮክ ብሎ ከዘመረ በኋላ ወዲያው ወሬ የሚጀምር ሰው።

ፊደሎቻችን ጉሮሮ ላይ የሚያደርጉት

ከውጭ የመጡ የድምፅ መመሪያዎች የማያነሱት የአማርኛ ዘማሪ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰ ሲነገሩ የድምፅ አውታሮቹ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርትም ወደ ላይ ይዘላል፤ አየሩ ተጨምቆ የሚፈነዳው በዚህ ነው። ጣታችሁን ማንቁርት ላይ በቀስታ አሳርፋችሁ «ከ» እና «ቀ» ብትሉ ልዩነቱ ይሰማችኋል። በንግግር ጉዳት የለውም። ከፍ ያለ ኖታ ላይ ግን ማንቁርቱ እንደወጣ ይቀርና ተከታዩ አናባቢ ታንቆ ይጀምራል። አንድ መዝሙር ውስጥ እነዚህ ፊደላት ስንት ጊዜ እንደሚመጡ ቁጠሩና ድካሙ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

«ቅዱስ» የሚለውን እንውሰድ። መጀመሪያ የዜማውን ሐረግ በሙሉ «ዱ» በሚል ብቻ ዘምሩት። ሲቀላችሁ «ክዱስ» በሉት፤ ከ አውታሮቹን አይዘጋም፣ አየሩ ይፈስሳል። ማንቁርቱ ጸጥ ብሎ መቆየቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። አሁን ቅን መልሱ፤ ግን ትንሽ፣ አጭርና ከምቱ ቀድማ የምትወጣ ትሁን። የምላስ ሥር ይነካና ይለቅቃል፣ ከደረት የሚላክለት ግፊት የለም። ከፈነዳ በኋላ ማንቁርቱ ወደ ቦታው የሚመለስበት ቅጽበት ስጡት። ይህን በቀስታ 5 ጊዜ፣ በመዝሙሩ ፍጥነት 5 ጊዜ ሥሩ። በሌላ ቃል ላይም መንገዱ ያው ነው፤ ጠን በተ፣ ጨን በቸ፣ ጸን በሰ ተክቶ መለማመድ፣ ከዚያ መመለስ።

«ዱ» ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሶፕራኖ (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትይዝ) ከፍ ባለ ኖታ ኡን እንደ ንግግር አጥብባ ከያዘችው ድምፁ ይጨበጣል። ከንፈሩ ክብ እንደሆነ መንጋጋው ይውረድ፣ አናባቢውም ወደ ኦ ይጠጋ፤ ታች ለተቀመጠው ሰሚ አሁንም ኡ ሆኖ ይሰማዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ስ አጭር ነው። መሪው በእጁ ልክ ቦታውን ያሳይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይልቀቁት።

የሚጠብቁ ፊደላትም እንዲሁ ይጠናሉ። «ሰጠኝ» ላይ ጠ ይጠብቃል፤ ለቅጽበት አየር ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ከታች መግፋት ካላቆማችሁ ሲለቀቅ ይፈነዳል፣ አውታሮቹም ይመታሉ። ምላሱ ይያዝ፣ ሆድ መግፋቱን ያቁም፣ ከዚያ አየሩ እንደገና ይፍሰስ።

በአ፣ በእ እና በኢ የሚጀምሩ ቃላት፣ «አምላኬ»፣ «እናመስግን»፣ «ኢየሱስ»፣ በጉሮሮ ምት ሲጀመሩ ትሰማላችሁ፤ ትንሽ የመፍጨት ድምፅ አለው። መድኃኒቱ በጣም ቀላል ሃ ማስቀደም ነው፤ «ሃምላኬ» በሉት፣ ቀስ በቀስ ሃው እስኪጠፋና አየሩ ብቻ እስኪቀር። «ሃሌ ሉያ» ለብዙ ሰው የሚቀልለው ከዚሁ የተነሳ ነው። አየሩ ከበዛና ድምፁ ከተበተነ ደግሞ ሃውን አሳንሱ።

ኪ መምረጥ

ከዚህ በታች ዶ ሬ ሚ ስንል ኪቦርዱ ላይ ያለውን ቋሚ ኖታ ነው። ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው) ወንዶች ከመካከለኛው ዶ በላይ ባሉት ሬ እና ሶል መካከል፣ ባሪቶን ደግሞ ከእነሱ ዝቅ ብሎ በሲ እና በሚ መካከል የድምፅ መሸጋገሪያ፣ ማለትም ከደረት ወደ ራስ ድምፅ የሚሻገሩበት ቦታ፣ አላቸው። ሴቶች የደረት ድምፅን ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ላ አሳልፈው ሲጎትቱ ጫናው ይበረታል። አገጭ ወደ ፊት ሲወጣ፣ የአንገት ሥር ሲገተር፣ ኖታው በትንሹ ዝቅ ሲል ምልክቱ ይህ ነው። እዚያ ላይ ድምፁን በአንድ ሦስተኛ ቀንሱ፣ ኣን ወደ ኦ አጥብቡት፣ ሐረጉን አንድ ጊዜ በከንፈር ማንቀጥቀጥ አልፋችሁ በቃል መልሱት።

የመዝሙሩ ጫፍ ኖታ ልምምድ ላይ ከምታወጡት የመጨረሻ ኖታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ይበል። መጨረሻ ላይ ኪ የሚጨምር መዝሙር ከሆነ ስሌቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ዙር ነው፤ ሁለት ጊዜ ግማሽ ቶን የሚጨምር መዝሙር በመጀመሪያው ዙር የተመቸ መስሎ ያታልላል። ወንድ የዘመረውን ሴት ስትይዘው ደግሞ ኪው ብዙውን ጊዜ፣ መነሻው ተጨምሮ ሲቆጠር፣ ከ4 እስከ 5 የስኬል ድምፅ ርቀት መዛወር አለበት። ኪቦርዱ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚሠራ ነገር ነው፤ የታወቀው ቅጂ በዚያ ኪ ስለሆነ ብቻ የሰው ጉሮሮ አይከፈልበት።

ዜማ የምታስረቀርቁ ከሆነ ጌጡን መጀመሪያ በ«ኑ» ዝግ ብላችሁ፣ ኖታ በኖታ አውጡት። መስታወት ፊት ቁሙ፤ መንጋጋ ወይም ምላስ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ድምፁን እያናወጠ ያለው መያዝ ያልነበረበት ጡንቻ ነው።

ሶሎው ኳየር ውስጥ ሲገባ

የሠለጠነ ሶሎ ዘማሪ፣ በተለይ በኦፔራ ስልት፣ በ3,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 3,000 ርግብግቢት) አካባቢ ድምፁን የሚያበራ ጉልበት ያከማቻል፤ ከኦርኬስትራ በላይ የሚሰማው በዚህ ነው። ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት ያው ወንድ ዘማሪ ኳየር ውስጥ ሲዘምር ይህን ክፍል ይቀንሳል። ጤናማው መቀነሻ ድምፁን ማሳነስና አናባቢውን ማክበብ ነው። ጎጂው ደግሞ ጉሮሮን ጨብጦ ቫይብራቶን መግደል ነው። ቫይብራቶ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ የሚሄድ የተፈጥሮ መወዛወዝ ነው፤ ቀጥ ያለ ድምፅ የሚፈልግ መሪ «አታወዛውዙ» ከማለት «ቀለል አድርጉት» ቢል የሚፈልገውን ያገኛል። ትልቅ ድምፅ ያለውን ሰው ለ2 ሰዓት ማሾካሾክ ማስገደድ ትክክል አይደለም፤ ከኋላ ረድፍ፣ ከሚመስሉት ጋር አቁሙት።

በጫጫታ መሐል ሰው ድምፁን ሳይወስን ከፍ ያደርጋል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባር በ1911 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። የኳየር ዋና በሽታ ይህ ነውና መፍትሔው ከዘማሪው ጉሮሮ ውጭ ነው። በሰው መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ድራሙ ከኳየሩ ጀርባ አይቀመጥ። ሳውንድ የሚሠራው ሰው የኳየሩን ሞኒተር (ዘማሪው ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) ከፍ ከማድረጉ በፊት መሣሪያዎቹን ይቀንስ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በመካከለኛ ድምፅ ዘምሩና እጃችሁን ጆሯችሁ ጀርባ አድርጉ። ያለ እጅ ራሳችሁን የማትሰሙ ከሆነ አቀማመጡ ይስተካከል እንጂ ድምፅ አይጨመር። ሶሎ የያዘ ሰው ማይኩን ለቀስታ ክፍል ከአፉ 3 እስከ 5 ሴንቲሜትር፣ ለጠንካራ ክፍል ከ10 እስከ 15 ያርቀው።

የ2 ሰዓት ጥናት ላይ ከ50 ደቂቃ በኋላ 10 ደቂቃ ዝምታ ይኑር፤ ወሬም ዕረፍት አይደለምና። ኖታ ለማጥናት ከፍ ያሉ ቦታዎች አንድ ኦክታቭ ወርደው ይዘመሩ፣ በሙሉ ድምፅ 3 ጊዜ ብቻ ይውጡ።

ውኃ፣ ጭስ፣ ሕመም

የምትጠጡት ውኃ አውታሮቹን አይነካም፤ በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው። የሚያረጥባቸው በደም በኩል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው። ጾመው የሚያስቀድሱና የሚያገለግሉ ሰዎች ስለዚህ ዋናውን ውኃ ከዋዜማው ከሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጠጡ። ዝንጅብል በማር ጉሮሮን ያስታግሳል፣ ያበጠ አውታር ግን አያድንም። አየር ወለድ የሆነው ሁሉ ግን በቀጥታ ይደርሳል፤ ከዕጣኑና ከከሰሉ ጭስ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ማታ አምሽቶ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው መተኛት የጨጓራ አሲድን ወደ ጉሮሮ ያወጣል፤ ጠዋት ላይ ድምፁ የሚጎረንን፣ ጉሮሮውን ሁልጊዜ የሚጠርግ ሰው እራቱን ከመኝታው 3 ሰዓት ያስቀድም። ጉሮሮ መጥረግ ራሱ አውታሮቹን ያጋጫል፤ ምራቅ መዋጥ ወይም ውኃ መጎንጨት ይተካው።

ማደንዘዣ ያለበት ከረሜላ መጥጦ አትዘምሩ፤ ሕመሙ ጠፍቶ ጉዳቱ ይቀጥላል። ማሾካሾክም ለብዙ ሰው ዕረፍት አይሆንም። እየዘመራችሁ ሳለ ድምፅ ድንገት ከጠፋ፣ ኖታው ገና ግማሽ ላይ ቢሆንም አቁሙ። አውታር ውስጥ የደም ሥር ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል እስክትታዩ ድረስ ፍጹም ዝምታ ያስፈልጋል፤ ደም የሚያቀጥኑትን አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ያለ ጉንፋን የመጣ ወይም ከ3 ሳምንት ያለፈ መሻከር ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ያስኬዳል፤ አውታሮቹ በካሜራ ይታዩልን በሉ። በ1854 እ.ኤ.አ. የራሱን አውታሮች በመስታወት ያየው ማኑኤል ጋርሲያ የድምፅ መምህር ነበር፤ ዘማሪ አውታሩን ለማየት መጠየቁ እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛው የአውታር እብጠት መጀመሪያ የሚታከመው በድምፅ ልምምድ እንጂ በቢላ አይደለም።

ጉንፋን ይዟችሁ የአገልግሎት ቀን ከደረሰ ያንን የማለዳ ቀስ ያለ ዜማ ሞክሩ። ከወጣ በግማሽ ድምፅ፣ ኪው አንድ ቶን ወርዶ ዘምሩ። ካልወጣ ተቀመጡ፤ ኳየሩ ውስጥ ቆሞ አፍ ማንቀሳቀስ ብቻውን እንኳ ለመዘመር ያጓጓል። መሪዎች ለእያንዳንዱ ሶሎ ሁለት ሰው፣ በሁለቱም ኪ፣ አስቀድመው ያዘጋጁ።